የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥ ሲታመም፤ የደዌው አመረማመርና ሕክምናው

የባሕርን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ አድርጎ በቤት ውስጥ ማኖር በብዙ አገር የተለመደ ነገር ነው። ባሕር በሌላት በአገራችን ግን ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ አንባቢ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔ ይህን ርእስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ወባ ተሕዋስ የተማርነው ትምህርት በዚህች ትንሽ ገንዳ ውስጥ በዓይን በሚታይ አኳኋን ስለሚደገም ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ዓሣ «እዚህ ላይ ያመኛል» ብሎ የማይናገር ፍጥረት በመሆኑ፥ አሳዳጊው በግምት መድኀኒት ባፈሰሰ ቍጥር ዋጋውን በነፍሱ የሚከፍለው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ለገበያ ከሚቀርቡት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ሳይሆኑ ከባሕር የተጠመዱ መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ዓሣ እንምረጥ። በቀይ ባሕር ውስጥ ገላው ሐምራዊ፥ ጅራቱ ደማቅ ቢጫ የሆነ፥ እንደ ሳሕን ጠፍጠፍ ያለ ዓሣ አለ። በጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ ስላለው፥ ፈረንጆች ወገኖቹን ሁሉ «ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም» ብለው ይጠሯቸዋል። ስሙ የሐኪም ይሁን እንጂ፥ ተላላፊ በሽታ ወደ ገንዳ በገባ ጊዜ ቀድመው ከሚያዙት ዓሦች መካከል የእርሱ ወገን ይገኛል። እንግዲህ ይህ ዓሣ አንድ ቀን ጧት ምግቡን ትቶ፥ ጥግ ይዞ፥ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ተገኘ እንበል። ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ወደ መድኀኒት ጠርሙስ ይሮጣል። አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ግን ዓሣው ሳይሆን ውኃው ነው።

ዓሣ የሚበላውም፥ የሚተነፍሰውም፥ የሚጸዳዳውም በዚያው በአንዱ ውኃ ውስጥ ነው። በመተንፈሻው በስንጥቡ በኩል የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በገንዳው ድንጋይና አሸዋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ጕዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህን ባክቴሪያዎች እስኪያፈራ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ዓሣ የገባበት ገንዳ መጸዳጃው ሳይሠራ ሰው እንደ ገባበት ቤት ነው። በባሕር ውኃ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የባሕር ውኃ ፒ ኤች 8.2 ገደማ ስለ ሆነ፥ ፒ ኤች 7 ከሆነ ውኃ ጋር ሲነጻጸር፥ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዘኛ ሆኖ የሚገኘው ክፍል ከ10 እጥፍ በላይ ይበዛል። ናይትራይት ግን በተቃራኒው ነው፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ብዙ ክሎራይድ በስንጥቡ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው ጕዳቱ ይቀላል።

ኦክሲጅንም እንዲሁ መታሰብ አለበት። በባሕር ጠረፍ ላይ፥ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ፥ አንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክሲጅን ሲይዝ፥ የባሕር ውኃ ግን 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ይህም በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የአየር መንፊያው ለአንድ ሌሊት ቢቆም፥ ዓሣው ሲያለከልክ የሚያየው ሰው በሽታ የገባ ይመስለዋል።

የጨውም ጕዳይ አለ። የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎግራም 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 85 ያህሉ የምግብ ጨው ሲሆን የቀረው ማግኒዥየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሰልፌት ነው። ስለዚህ በምግብ ጨው ብቻ የባሕርን ውኃ መሥራት አይቻልም። የአፋር አሞሌ እንኳ ጥንት ከቀይ ባሕር ውኃ የቀረ ቢሆንም፥ ውኃው ሲደርቅ ጨዎቹ በየተራ እየተለዩ ስለ ተቀመጡ፥ መልሶ ቢሟሟ ባሕር አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንቱ ታመመ? መቼ ታመመ?» የሚለው ነው። በገንዳው ያሉት ሁሉ በአንድ ሰዓት ማለክለክ ከጀመሩ ጥርጣሬው በውኃው ላይ ይሁን፤ ከውኃውም ሩቡን ወይም ሲሶውን በአዲስ መለወጥ ከማንኛውም መድኀኒት ይበልጣል። ዛሬ አንዱ፥ ከሁለት ቀን በኋላ ሌላው፥ ከዚያም ሦስተኛው ከታመመ ግን ተላላፊ ደዌ ሊሆን ይችላል።

ውኃው ተመርምሮ ደኅና ከሆነ ወደ ዓሣው እንመለስ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ በእጅ ባትሪ ከጎን አግድም እያበሩ ገላውን መመልከት ጥሩ ዘዴ ነው። በገላውና በክንፉ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት የጐሉ፥ ሊቈጠሩ የሚችሉ ነጭ ነጥቦች ከታዩ፥ «ነጭ ነጥብ» የሚባለው በሽታ ነው፤ አምጪው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ነው። ነጥቡ ሊቈጠር የማይችል፥ ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ «ቬልቬት» የሚባለው ሲሆን ተሕዋሱ አሚሎኦዲኒየም ኦሴላቱም ይባላል። ይህ ሁለተኛው ቀድሞ የሚሰፍረው በስንጥቡ ላይ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ዱቄቱ በገላው ላይ ሳይታይ ዓሣው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ታፍኖ ይሞታል። የሚያስገርመው፥ ለሁለቱም ተሕዋሶች ስም ያወጡት ብራውን የተባሉ አንድ ሊቅ መሆናቸው ነው፤ የቬልቬቱን በ1931፥ የነጭ ነጥቡን በ1951 እ.ኤ.አ. ሰይመዋል። ከብራውን በፊት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የነጭ ነጥብን በሽታ በጽሑፍ የገለጸው ጃፓናዊው ሲካማ ነበር።

ነጭ የሆነ ሁሉ ግን ነጭ ነጥብ አይደለም። በክንፉ ጫፍ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያበጠ፥ ለሳምንታት ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ካለ ሊምፎሲስቲስ የሚባል የቫይረስ በሽታ ነው። ለዚህ መድኀኒት የለውም፥ ብዙውን ጊዜም አያስፈልገውም፤ ውኃው ንጹሕ፥ ምግቡ መልካም ከሆነ እየቈየ በራሱ ይጠፋል። ገላው በልጋግ ተሸፍኖ ልጋጉ እንደ ቆዳ የሚገፈፍ ከሆነ፥ በተለይም ዓሣው ብርቱካንማና ነጭ መልክ ያለው ክላውን የተባለው ዓሣ ከሆነ፥ ብሩክሊኔላ መጠርጠር አለበት፤ እርሱን ፎርማሊን እንጂ መዳብ አያድነውም። ዓይኑ ጭጋግ ለብሶ ገላውን በድንጋይ ላይ የሚያሻሽ ዓሣ ደግሞ ጠፍጣፋ ትላትል ይዞት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሙቀቱና ፒ ኤቹ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ዓሣውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማቈየት ይበቃል፤ ትላትሎቹ ነጥተው ከሥር ይረግፋሉ። እንግዲህ ይህ አንዱ መታጠቢያ መመርመሪያም ማስታገሻም መሆኑ ነው። መድኀኒታቸው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ለቢልሃርዝያ የሚታደለን ያው ክኒን ማለት ነው።

ነጭ ነጥብን ግን ይህ መታጠቢያ አያድነውም። ምክንያቱን ለማወቅ የተሕዋሱን የሕይወት ዙር መመልከት ያስፈልጋል፤ የሕክምናውም ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

በዓሣው ላይ የምናየው ነጥብ ተሕዋሱ ከላይኛው ቆዳ ሥር ገብቶ የዓሣውን ሕዋስ እየበላ የሚያድግበት ቤቱ ነው። በዚያ ተሸፍኖ ስለሚኖር መድኀኒቱም ጨው አልባው ውኃም አይደርስበትም። ከ3 እስከ 7 ቀን ከበላ በኋላ፥ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ፥ ዓሣውን ለቅቆ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በአሸዋ ወይም በድንጋይ ላይ ተጣብቆ በራሱ ዙሪያ ጠንካራ ከረጢት ይሠራል፤ በከረጢቱ ውስጥም እየተከፋፈለ እስከ 200 የሚደርሱ ልጆች ይፈለፍላል። እነዚህ ልጆች ከረጢቱን ቀድደው ሲወጡ በውኃው ውስጥ እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ። ከረጢቶቹ ግን በአንድነት አይፈነዱም። አንዳንዱ በ3ኛው ቀን፥ ብዙዎቹ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ሲፈነዱ፥ እስከ 72 ቀን የቈየም ተገኝቷል።

አሁን ይህን ይዘን የዓሣውን አሳዳጊ እናስብ። ሰኞ በሐምራዊው ዓሣ ላይ 10 ነጥብ ቈጠረ፤ ከአንድ ሱቅ የገዛውንም መድኀኒት ጨመረ። ሐሙስ ጧት ቢመለከት አንድም ነጥብ የለም። «መድኀኒቱ ሠራ» ብሎ ደስ አለው። እውነቱ ግን ነጥቦቹ የወደቁት ቀናቸው ስለ ደረሰ ነው፤ ምንም ባይጨምርም ይወድቁ ነበር። አሥሩ ከረጢቶች እያንዳንዳቸው 200 ልጅ ቢፈለፍሉ 2,000 ይሆናሉ፤ ከመቶ አሥሩ እንኳ ቢሳካላቸው በሚቀጥለው ሳምንት ዓሣው 200 ነጥብ ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ስንጥቡ ሥራውን ያቆማል። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነትም ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ በጉበት ተሸሽጎ ቈይቶ ያገረሻል። ትኩሳቱ በመጥፋቱ ድኛለሁ ያለ ሰውና ነጥቡ በመጥፋቱ ዓሣዬ ዳነ ያለ ሰው የተታለሉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ይህ ተሕዋስ በባሕርም ይኖራል፤ በዚያ ግን ዓሦችን እንዲህ ሲፈጅ አይታይም። ከረጢቱ በወደቀ በሳምንቱ ልጆቹ ሲወጡ ዓሣው ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ባሕሩም ሰፊ ስለ ሆነ አብዛኞቹ ሳያገኙት ይሞታሉ። በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የሚሄድበት የለውም፤ ማታ የሚተኛውም ከረጢቶቹ ከተጣበቁበት ወለል ጥቂት ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ተሕዋሱን ገዳይ ያደረገው መስተዋቱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚህ የተነሣ ማናቸውም መድኀኒት የሚያገኘው እየዋኙ ያሉትን ልጆች ብቻ ነው፤ በቆዳ ሥር ያለውንም በከረጢት ያለውንም አያገኝም። ስለዚህ መድኀኒቱ ከረጢቶቹ ሁሉ እስኪፈነዱ ድረስ በውኃው ውስጥ ሳይቋረጥ መቈየት አለበት። ከመድኀኒቶቹ ጥንታዊውና የታወቀው መዳብ ነው። ነጻ የመዳብ መጠን በአንድ ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሆኖ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት መጠበቅ አለበት። ከዚህ ቢያንስ ተሕዋሱን አይገድልም፤ ከዚህ አልፎ ቢበዛ ዓሣውን ይመርዘዋል። ድልድዩ እንዲህ ጠባብ ስለ ሆነ በየቀኑ በመለኪያ መመርመር ግድ ነው። ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ የሚሸጥ የመዳብ መድኀኒት ልኩ የተለየ ስለ ሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ይገባል።

ታላቁ ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፤ መዳብ ለቀንድ አውጣ፥ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። ዓሣን በሚያድነው መጠን እነዚህን ይፈጃቸዋል። በተጨማሪም የገንዳው ድንጋይና አሸዋ ከኖራ የተሠሩ በመሆናቸው መዳቡን እየሳቡ መጠኑን ያጓድላሉ። ስለ ሆነም መዳብ ሕይወት በሞላበት በዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይፈስም። ዓሣው አሸዋና ድንጋይ ወደሌለበት ባዶ ገንዳ ተዛውሮ በዚያ ይታከማል። ይህ የሕሙማን ገንዳ ባክቴሪያ የሌለው በመሆኑ ደግሞ አሞኒያው ቶሎ ይከማቻል፤ ስለዚህ ውኃው በየጊዜው እየተለካ ይለወጣል፤ በገባው አዲስ ውኃ ልክም መዳብ ይጨመራል። ከበሽታው ተርፈው በዚህ ገንዳ በአሞኒያ የሚሞቱ ዓሦች ጥቂት አይደሉም።

ያለ መድኀኒት የሚደረግ ሕክምናም አለ፤ እኔም ብልሃቱን አደንቃለሁ። አንጀሎ ኮሎርኒ የተባለው ተመራማሪ በቀይ ባሕር ጫፍ ባለችው በኤላት ሆኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ የነጭ ነጥብ ከረጢቶች በቀላል ጨው ውስጥ እንደሚጠፉ አሳየ። የባሕር ዓሣ የደሙ ጨው ከባሕሩ ውኃ ሲሶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨው ሲቀንስለት ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም፤ ተሕዋሱ ግን ውኃ እየገባበት ይፈነዳል። ስለዚህ የውኃውን ጨው ቀስ በቀስ ከ35 ወደ 15 ግራም አውርዶ ለሳምንታት ማቈየት ብዙ ጊዜ ያድናል። ሆኖም በታይዋን በቀላል ጨው የሚኖር የዚህ ተሕዋስ ዘር ስለ ተገኘ፥ ሁልጊዜ ይታመናል ማለት አይቻልም።

ሌላው መንገድ ማዛወር ነው። ተሕዋሱ ከዓሣው በ7 ቀን ውስጥ ይወርዳል፥ ከረጢቱም ከ3 ቀን በፊት አይፈነዳም ብለናል። እንግዲያውስ ዓሣውን በየሦስት ቀኑ ወደ ንጹሕና ደርቆ ወደ ቈየ ገንዳ ብናዛውረው፥ የወደቁት ከረጢቶች ሁሉ ሳይፈነዱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሁለት ገንዳ ካለ እያፈራረቁ፥ የተለቀቀውን በበረኪና አጥቦና አድርቆ፥ አራት ጊዜ ማዛወር ይበቃል። መረቡም ቱቦውም አብሮ መድረቅ አለበት፤ አንድ ጠብታ እርጥብ ውኃ የ12 ቀኑን ድካም ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ምርመራው ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ቬልቬት በቀላል ጨው አይጠፋም፥ እርሱ በጣም ባነሰ ጨው እንኳ ይራባልና፤ ዓሣውን ቬልቬት ይዞት ሳለ በነጭ ነጥብ ሕክምና ጨው እየቀነሰ የሚጠብቅ ሰው ዓሣውን በሁለት ቀን ያጣዋል። ለቬልቬት መዳብ ወይም ክሎሮኪን ያስፈልጋል። በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን በአንድ ሊትር ውኃ 10 ሚሊግራም ያህል ሲሟሟ የዚህን ተሕዋስ ዋናተኞች ይገድላል፤ አልጌንና አጥንት የለሽ እንስሳትን ግን ስለሚጎዳ እርሱም በሕሙማን ገንዳ ውስጥ ብቻ ይደረጋል።

ዓሣው ሲታከም ዋናው ገንዳ ምን ይሁን? ኮራሉም ቀንድ አውጣውም በዚህ በሽታ አይያዙም፤ ስለዚህ በዚያው ይቀመጣሉ። ዓሣ የተባለ ግን አንድም እንኳ መቅረት የለበትም። ከየከረጢቱ የሚወጡት ልጆች የሚይዙት ዓሣ ስለሚያጡ በየተራ ያልቃሉ። ብዙዎች 6 ሳምንት ይበቃል ይላሉ፤ 72 ቀን የቈየ ከረጢት ከተገኘ በኋላ ግን ሁለት ወር ተኩል መታገሥ የተሻለ ይመስለኛል። ባዶ ገንዳ እያዩ ሁለት ወር ተኩል መቀመጥ ለአሳዳጊው ከባድ እንደ ሆነ አልክድም፤ ብዙዎች የሚሸነፉትም እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣም ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ቢያንስ ለአንድ ወር ቢቀመጥ፥ ይህ ሁሉ ከመነሻው ይቀራል።

አሳዳጊውም ለራሱ ሊያስብ ይገባዋል። ፎርማሊን ለሰው መርዝ ስለ ሆነ ያለ ጓንትና አየር በማይገባበት ክፍል አይነካም፤ በውኃው ውስጥ ያለውንም ኦክሲጅን ስለሚቀንስ አየር በብዛት መንፋት ያስፈልጋል። ከዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌም አለ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ በ1926 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ አኳሪየም ከሞቱ የባሕር ዓሦች ላይ ተለይቶ ታወቀ። እጁ የተቧጨረ ሰው ገንዳውን ሲያጸዳ ይገባበትና ከሳምንታት በኋላ የማይድን የሚመስል እባጭ በጣቱ ላይ ያወጣበታል። ይህ ባክቴሪያ ደኅና አድርጎ የሚያድገው በ30 ዲግሪ ገደማ እንጂ በሰው ገላ ሙቀት በ37 ዲግሪ አይደለም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ እባጭ የወጣበት ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ ዓሣ እንደሚያሳድግ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ አለዚያ ላቦራቶሪው በተለመደው ሙቀት አሳድጎ «ምንም የለም» ሊለው ይችላል።